በቴምዝ ዳር፣ ፍሳሹን ተከትዬ

ለንደን የሄድኩት ወንዙን ብዬ ነው። ቴምዝ አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሳ ወንዝ ነው። የሞተበትም የዳነበትም ቦታ ዛሬ በእግርና በጀልባ ይደረስበታል። የፍሳሽ ብክለት ለሚያሳስበው ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዞ አላውቅም።

የጀመርኩት ከሶሆ ነው። ብሮድዊክ የሚባለው ጎዳና ላይ እጀታ የሌለው የውኃ ፓምፕ ቆሟል። መታሰቢያ ነው እንጂ ውኃ አይቀዳበትም። እ.ኤ.አ. በ1854 በዚህ ሰፈር ኮሌራ ከ600 በላይ ሰው ገደለ። ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን አድራሻ እየለቀመ ሲያጣራ፣ አብዛኞቹ ውኃ የሚቀዱት ከዚህ ፓምፕ ሆነው ተገኙ። አጠገቡ የነበረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ውኃው ይሰርግ ነበር። በዚያን ጊዜ ኮሌራ የሚመጣው በመጥፎ አየር ነው ተብሎ ስለሚታመን ስኖውን የተቀበለው ጥቂት ሰው ነው። የፓምፑ እጀታ ግን ተነቀለ።

ከዌስትሚንስተር ጀልባ ተሳፍሬ ወደ ምሥራቅ ወረድኩ። ውኃው ቡናማ ነው። ይህ ግን ቆሻሻ አይደለም። የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ እየገባና እየወጣ ደለሉን ስለሚያማስለው ነው። የድሮው ቀለም ሌላ ነበር። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ በ1855 እዚሁ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ሲጓዝ ነጭ ካርድ ቀዳዶ፣ አርጥቦ፣ በየማረፊያው ወደ ውኃው ጣለ። ፀሐይ እያለ ወረቀቱ አንድ ኢንች እንኳ ሳይሰጥም ከዓይን ተሰወረ። ያየውን ለጋዜጣ ጻፈ። ምንም አልተደረገም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1858 የሙቀት ወራት፣ ሽታው ፓርላማው ውስጥ ገባ። ሽታውን እንዲያጠፋ መጋረጃዎቹን የኖራ ክሎራይድ ውስጥ ነከሩ። አልሆነም። ለዓመታት ሲጓተት የቆየው የፍሳሽ መስመር ጉዳይ በ18 ቀን ሕግ ሆነ። ሽታው የሕግ አውጪዎቹ አፍንጫ ባይደርስ ኖሮ ስንት ዓመት ይጓተት እንደነበር እንጃ። ድሃው ሰፈር እኮ እየሞተ ነበር።

በስተግራዬ ዛፍ የተተከለበት ሰፊ የወንዝ ዳር መንገድ አለ፤ ቪክቶሪያ ኢምባንክመንት ይባላል። ከሥሩ የፍሳሽ መስመር ያልፋል። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ወደ ወንዙ የሚወርደውን ፍሳሽ መንገድ ላይ እየጠለፉ ወደ ምሥራቅ የሚወስዱ 132 ኪሎ ሜትር ዋና መስመሮች አሠራ። ኮሌራ በ1866 መስመሩ ገና ያልተጠናቀቀበትን የምሥራቁን ሰፈር መታ። ከዚያ በኋላ በለንደን ተመልሶ አልተዛመተም። የዚህን ያህል ነፍስ ያተረፈ ግንባታ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ግን ፍሳሹ ራቀ እንጂ አልተጣራም። ይህን ለመረዳት ክሮስነስ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ክሮስነስ ከመሃል ከተማው ርቆ በስተደቡብ ያለ የድሮ የፓምፕ ጣቢያ ነው። በ1865 ተመረቀ። ለጎብኚ ክፍት የሚሆነው አንዳንድ ቀን ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ውስጡ ያስደንቃል፤ በቀለም ያሸበረቀ፣ ጥልፍ የመሰለ ብረት ከወለል እስከ ጣሪያ። አራት የእንፋሎት ሞተሮች አሉ። የእያንዳንዱ መዘውር 52 ቶን ይመዝናል። አንዱን በጎ ፈቃደኞች ዓመታት ለፍተው አስነስተውታል። ይህ ሁሉ ጉልበት የሚሠራው ሥራ ግን ፍሳሹን ወደ ማጠራቀሚያ ማንሳት ብቻ ነበር። ከዚያ ባሕሩ ውኃውን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ፍሳሹ እንዳለ ወንዙ ላይ ይለቀቃል። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የመንገደኞች መርከብ በዚህ አካባቢ ተጋጭታ ሰጠመች። ከ600 በላይ ሰው ሞተ። ጥቂት ቀደም ብሎ ፍሳሹ ተለቆ ስለነበር ሰዎቹ የወደቁት እሱ ውስጥ ነው። በኋላ ዝቃጩን እየለዩ በመርከብ ባሕር ላይ መድፋት ተጀመረ። ከ1887 እስከ 1998 ቀጠለ። ያም ቢሆን ማራቅ ነው።

ወንዝ በፍሳሽ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ታፍኖ ነው። ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲበሉ ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው መተንፈሻ ያጣል። ኦክስጅን ሲያልቅ ደግሞ ያለ እሱ መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች ይተካሉ፤ ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የነሱ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ በተረጋጋ ውኃ ላይ አልጌ ያፈላል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ እንደገና ኦክስጅን ይበላል። በ1957 በተደረገ ጥናት በለንደን በሚያልፈው የቴምዝ ክፍል ዓሣ የሚባል ጠፋ። ወንዙ ሕይወት የለውም ተባለ።

ያዳነው መላ ከፓምፕ ጣቢያው ጎን ዛሬም ይሠራል። ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው ያየሁት፣ ግን ደስ አለኝ። በማጣሪያ ገንዳዎች ውስጥ አየር ይነፋል፣ ባክቴሪያዎቹም ቆሻሻውን ወንዙ ሳይደርስ እዚያው ይበሉታል። ዘዴው በ1914 ማንቸስተር ውስጥ ነው የተፈተነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የለንደን ማጣሪያዎች በሚገባ ሲሻሻሉ ኦክስጅኑ ተመለሰ። ዓሣውም ተከተለ። በ1974 ሳልመን ተገኘ። ዛሬ ከ100 በላይ የዓሣ ዓይነት አለ፣ የባሕር ፈረስ ጭምር።

ታሪኩ አላለቀም። የባዛልጌት መስመሮች ዝናቡንም ፍሳሹንም በአንድ ቱቦ ነው የሚወስዱት። ዝናብ ሲበዛ ሞልተው ያልተጣራውን ወንዙ ላይ ይተፉታል። ሰው ሽንት ቤት የሚጥለው ዋይፕስ (እርጥብ መጥረጊያ) እና ቅባትም ይዘጋቸዋል። በ2017 ዋይትቻፔል ሥር የተገኘው የቅባት ግግር 250 ሜትር ይረዝም ነበር። ለዚህ ነው 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ትልቅ የፍሳሽ መተላለፊያ ከወንዙ ሥር ተቆፍሮ በ2025 ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው። በምዕራብ ለንደን ካለው ከአክተን ተነስቶ የሚተርፈውን ፍሳሽ ይቀበልና በምሥራቅ ወዳለው የቤክተን ማጣሪያ ይልካል።

ይህ እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ መጨረሻው ማጣሪያ እንጂ ባሕር አይደለም። ግን ከአክተን በላይ ያለውን ወንዝ አይጠቅምም። እዚያ ዛሬም ዝናብ ሲጥል ካንዳንድ ጣቢያዎች ያልተጣራ ፍሳሽ ይለቀቃል። እዚያው ወንዝ ውስጥ ሰዎች ይዋኛሉ፣ ይቀዝፋሉ። የላይኛውም ውኃ የመተላለፊያውን ያህል ገንዘብ ይገባው ነበር።