ሶስት ስም

ነገ ጠዋት ሶስት ስም አስረክባለሁ። ከሻለቃ የመጣው ወረቀት "በዚህ ግማሽ ዓመት የላቀ አፈፃፀም ያሳዩ" ይላል፣ መቶው (የምመራው የወታደር ክፍል) ውስጥ ሰላሳ ምናምን ልጅ አለ፣ እኔ ደግሞ ይሄው እኩለ ሌሊት አልፎ እስክሪብቶ እያኘክሁ ቁጭ ብያለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ያለፈው ጊዜ ነው። ያኔ አዲስ የመቶ መሪ ነበርኩ፣ ስም አምጣ ሲሉኝ አስር ደቂቃም አልፈጀብኝ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተሬን ፃፍኩ። ለምን? ቀን ከሌት አጠገቤ ስላለ፣ በቃ። ሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ ሶስት አራት ጊዜ ጨብ ጨብ አርገው እጃቸውን ወደ ኋላ መለሱት። ልጁ ራሱ ሰርተፍኬቱን ፍራሹ ስር ነው የከተተው። ማታ ሃምሳ አለቃ መጣና (በእድሜም በአገልግሎትም ይበልጠኛል) "መቶ አለቃ፣ ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ያን ሌሊት ቁስለኛውን ተሸክሞ የወረደው እሱ አይደለም" አለኝ። ከዛ ዝም። እኔም ዝም፣ ምክንያቱም ማን እንደተሸከመው አላውቅም ነበር፣ የሚያሳፍረው እሱ ነው።

ከዛ በኋላ መቶው ቀዘቀዘብኝ። ትዕዛዝ እምቢ ያለ የለም፣ ግን ድሮ "ማን ይሄዳል?" ብዬ ሳልጨርስ እጅ ይወጣ ነበር፣ አሁን ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ማዕረግና ሜዳልያ እኔ እጅ ላይ አይደለም፣ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ነገሩ ከተረሳ በኋላ ነው። እኔ እጅ ላይ ያለው ፈቃድ ነው፣ የጥበቃ ተራ ነው፣ አንድ ሁለት ቃል ነው። ቃሉን ሞክሬው ነበር። አንዱ ልጅ ጎበዝ ስራ ሰራና ለእናቱ ልደውል ብዬ ደወልኩ፣ "አዛዡ ነኝ" ከማለቴ እናትየው ጩኸቷን ለቀቀችው! የአዛዥ ስልክ ለምን እንደሚደወል ታውቃለቻ። ልጇን አምጥቼ ድምፁን እስኪያሰማት ድረስ ላብ በላብ ሆንኩ። አሁን ልጁ ራሱ ይደውልና ሲጨርስ ስልኩን ይሰጠኛል።

ፈቃድ ላይ ግን ትንሽ ተሳክቶልኛል መሰለኝ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1945 አውሮፓ ላይ ጦርነቱ ሲያልቅ ማን ቀድሞ ቤቱ ይግባ የሚለውን በነጥብ ነበር የወሰኑት፣ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ወር 1፣ ባህር ማዶ ለቆየበት ወር ሌላ 1፣ ለሜዳልያ 5፣ ልጅ ላለው በልጅ 12 እስከ ሶስት ልጅ፣ 85 የሞላለት ተራ ወታደር ይሄዳል። ደስ ያለኝ ደግሞ ጀነራሎቹ ዝም ብለው ከራሳቸው አላወጡትም፣ ወታደሩን በመጠይቅ ማን ይቅደም ብለው ጠይቀው ነው። እኔም በአቅሜ ቀዳሁት፣ ቤቱን ካየ ስንት ወር ሆነው፣ ስንት ከባድ ጥበቃ ቆመ፣ ደምሬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ኩርፊያው አልጠፋም፣ ግን አሁን ቁጥሩን ነው የሚያኮርፉት።

የሶስቱን ስም ነገር ደግሞ ከሮማውያን ሰረቅሁት። በውጊያ ላይ የዜጋውን ህይወት ላዳነ ሰው የኦክ ዛፍ ቅጠል አክሊል ይደፉለት ነበር፣ ቅጠል ነው፣ ወርቅም ብርም የለበትም፣ ከትልልቆቹ ክብሮች አንዱ ግን እሱ ነበር። የዳነው ሰው ራሱ አዎ አድኖኛል ብሎ ይመሰክራል፣ አዳኙንም እድሜ ልኩን እንደ አባቱ ነው የሚያየው። አዛዥ ሩቅ ቆሞ ከሚያየው የዳነው ሰው ምስክርነት ይሻላል ብዬ ዛሬ ከእራት በኋላ ለሁሉም ብጣሽ ወረቀት አደልኩ። ከራሳችሁ ውጪ አንድ ስም፣ ለምን እንደሆነም አንድ መስመር፣ የፃፈው ሰው ስም አይፈለግም።

አንደኛው የጠበቅሁት ልጅ ነው። ሁለተኛው የመጋዘኑ ልጅ! አስራ አንድ ወረቀት ላይ አለ፣ እኔ ደግሞ የእሱን ስም ለመፃፍ በሀሳቤም አልመጣልኝም ነበር። "ዝናብ ላይ ባትሪውን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ደረቁን አደረሰልን" ይላል አንዱ። "ስታመም ሁለት ተራ ጥበቃ ቆመልኝ ለማንም አላወራም" ይላል ሌላው።

ከስር አንድ ወረቀት ቀረች። "ያኔ ቁስለኛውን የተሸከመው" ብሎ ስሙን ፅፏል። የእጅ ፅሁፉን አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የሬዲዮ መዝገብ ላይ የማየው ነው።

ችግሩ ፎርሙ "በዚህ ግማሽ ዓመት" ይላል፣ የዚህ ልጅ ነገር ደግሞ ካለፈ ቆየ። ሶስተኛ አርጌ ፃፍኩት፣ ነገ ሻለቃ ላይ ይጨቃጨቁኝ። "ምክንያት" የሚለው ጋ ስደርስ ግን ከየት እስከ የት እንደተሸከመው፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እንደማላውቅ ገባኝና ሄጄ ሃምሳ አለቃን ቀሰቀስኩት።

"አሁን? በዚህ ሰዓት?" አለ አይኑን እያሻሸ። ከዛ ተነስቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ፣ ቦታውን ካላሳየሁህ አይገባህም ብሎ።