አፏ ለጸሎት ለተዘጋባት እናት ጌታ ያደረገው

የጌታ ስም ይባረክ! ባሕር ዳር፣ ሺምብጥ ሰፈር፣ ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች ተሰብስበው መንፈሳዊ ልብ ወለድ በሚያነቡበት ቤት እግዚአብሔር ያደረገውን እንመሰክራለን። ልጇን ጣና የወሰደባት እናት ነበረች። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «እሱ ያመጣውን እሱ ያስችልሽ፤ በቃ አታልቅሺ» ሲላት እሺ እያለች ዋጠችው። መዝሙር ሲዘመር ትነሣለች፤ «እንጸልይ» ሲባል ግን ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። የተለመነላት አንድ ነገር ነበር፦ ጌታን መልሳ እንድታናግረው።

መጽሐፉ የተጀመረው ድንኳኑ ተነሥቶ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት መጽሐፍ ይዞ መሄድ አይረዳም፤ ያን ሰሞን ሐዘንተኛ ገጹን ሳይጨርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

የመጽሐፉ ምርጫ ከሁሉ ይከብዳል። የታመመው ልጅ በጸሎት ድኖ የሚያልቅ ታሪክ፣ ልጇ ላልተረፈላት እናት «እምነትሽ አነሰ» የሚል ፍርድ ይሆንባታል። ስለዚህ አንድ ሰው አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ያንብበው። አሟሟቱ ከሐዘንተኛዋ ጋር የሚመሳሰል ከሆነም ሌላ ይፈለግ፤ ለዚህች እናት የውኃ ሞት የሌለበት ተመረጠ።

ንባቡ ጮክ ተብሎ ነው፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ምዕራፍ፣ ከ15 ገጽ ባይበልጥ ይሻላል። ገጸ ባሕርዩ ከእግዚአብሔር ጋር የሚሟገትበት ቦታ ሲደረስ ይቁም። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ይደነግጥና ወደ እርቁ ምዕራፍ ይዘልላል። አይዘለል፤ ሐዘንተኛው የራሱን ቃል የሚያገኘው እዚያ ነው። መጽሐፉ ይከደንና መዝሙር 88 ይነበብ (በግዕዙ ዳዊት 87 ነው)፤ እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል፤ ያም ጸሎት ነው። ቀጥሎ ዮሐንስ 11፦ ወንድማቸው አልዓዛር ሲሞት ማርታም ማርያምም ጌታ ኢየሱስን «በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አሉት። አልገሠጻቸውም፤ አለቀሰ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በልብ ወለድ ውስጥ እግዚአብሔር ሲናገር የሚነበበው የደራሲው ምናብ ነው። «እንዲህ ብሎኛል» ተብሎ አይያዝ፤ የጳውሎስን ስብከት በመጻሕፍት እንደ መረመሩት የቤርያ ሰዎች በቃሉ ይመርመር።

ለዚህች እናት በተነበበበት አንድ ምሽት፣ በመጽሐፉ ታሪክ ውስጥ ያለው አባት በልጁ ባዶ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ «የት ነበርክ?» ሲል ንባቡ ቆመ። መዝሙሩ ተነበበ። እናትየው በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እንደሸፈነች፣ «ጌታ ሆይ፣ እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቅህ፤ ስጠራህ የት ነበርክ?» አለች። ማንም «ተይ» አላላትም። እስኪወጣላት አለቀሰች፣ ተናገረችው። ለጥያቄዋ እስካሁን መልስ አላገኘችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትጸልያለች፣ አንዳንዴ በምስጋና፣ አንዳንዴም በቁጣ። የለመንነውን ሰጥቶናልና ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!