ከጋቢ ውስጥ የወጣ ጥያቄ

በእኛ በሰሜን ሸዋ ደጋ ዝግ ብሎ መናገር የጨዋነት ምልክት ነው። ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ወይ ጠጥቷል፣ ወይ ገበያ ውሎ ገና አልበረደለትም ተብሎ ይታለፋል። ጨዋነቱን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት ክብሩ ለተናጋሪው፣ ዕዳው ለአድማጩ መሆኑን ነው። ታላቅን ሰው አንድ ጊዜ «አቤት?» ማለት ትሕትና ነው፤ ሁለተኛው በመከራ ይታለፋል፤ ሦስተኛው ግን «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ያሰኛል። ስለዚህ ከሁለተኛው «አቤት» በኋላም ያልሰማ ሰው ያለው አማራጭ ፈገግ ብሎ ራሱን መነቅነቅ፣ የተባለውም ነገር ራስ የሚያስነቀንቅ እንዲሆን በልቡ መጸለይ ብቻ ነው።

ይህን የማነሣው በኅዳር ወር በአንድ የሽምግልና ቤት የደረሰብኝ ነገር እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰ ስላስቸገረኝ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለማግባት አስቦ ሽማግሌ ወደ ደብረ ብርሃን ሲላክ፣ ከሦስቱ አንደኛው ወገባቸውን ታምመው ስለቀሩ ቁጥሩ እንዳይጎድል ተብሎ እኔ ተጨመርኩ። የተሰጠኝ ትእዛዝ «አትናገር፤ ሲመረቅ አሜን በል» የሚል ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሳይነጋ ተነሣን። መንገዱን የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክርልኝ፣ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ በመሆኗ ሰዉ በሸሚዝ ቆሞ ከመንገድ ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ቃል ሳይጎድልበት ይጠራል። ደብረ ሲና ሲደርሱ ነጠላ ትከሻ ላይ ይወጣል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር ላይ፣ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ጋቢው አገጭ ይነካል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፈው ደብረ ብርሃን ሲገቡ ግን፣ በተለይ በኅዳር ውርጭ፣ ከሰው የሚታየው ዓይኑና የአፍንጫው ጫፍ ነው። ከተማዋ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት በከንቱ አይደለም።

ቆመን ጉዳያችንን ከተናገርን በኋላ ተቀመጡ ተባልን፤ የልጅቷ አያት ፊት ለፊቴ ነበሩ። አሁን ስለ ጋቢያቸው መናገር ይኖርብኛል። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን ጫፉን አጥፈው አፋቸው ላይ መልሰው ስለደረቡት በእርሳቸውና በእኔ መካከል የነበረው ስምንት ድርብ ጥጥ ነው። ሌሊት ሌሊት የምቆጥረው ይህንኑ ነው፤ ስምንት ድርብ፣ በዚያ ላይ በእጅ የተፈተለና ገና አዲስ። ከስምንቱ ድርብ በስተጀርባ ጢም አለ፤ ከጢሙ በስተጀርባ ጥርስ የለም። ቃል ከዚያ ሁሉ ተርፎ ሲወጣ ኬላ ለኬላ ሲፈተሽ እንደመጣ መንገደኛ ግማሽ ዕቃውን አስወርሶ ነው። አንድ ጣት ጋቢውን ወደ ታች ሳብ ቢያደርገው ኖሮ የአንድ ቤተሰብ ክብር ይድን ነበር፤ ነገር ግን የሰው አያት ጋቢ በእንግዳ እጅ አይሳብም።

የተፈቀዱትን ሁለት «አቤቶች» ሁለቱ ሽማግሌዎቻችን ስለ መንገዱ ሲጠየቁ አንድ አንድ ተካፍለው ስለጨረሷቸው ለእኔ የተረፈኝ አልነበረም። በዚህ መሐል አያት ረጅም ነገር ጀመሩ። ድምፃቸው ይወርዳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል፤ በመጨረሻም ጥርት ብለው የደረሱኝ ሁለት ቃላት «ያበዛል» እና «እግዚአብሔር» ብቻ ነበሩ። ክርስቲያን ሆኖ ያደገ ሰው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ምርቃት እንጂ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? ከወንበሬ ብድግ አልኩ፣ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁ፣ በሸዋ ሮቢት ድምፅም «አሜን! ያብዛልን!» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናውን አዘንብላ እንደያዘች ቀረች፤ ቡናው ሲኒውን ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ሲፈስ እንኳ አላየችውም። ሊቀመንበራችን የነበሩት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውሎ አድሮ የልጅቷ ወንድም እንደነገረኝ አያት ያሉት እንዲህ ነው፦ «ልጁ መጠጥ ያበዛል ይባላል፤ ልቡን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?»

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት እንኳ አንዲት ጠርሙስ ቢራ የሚጨርሰው በሰው እርዳታ ነው።

እውነቱን ለመናገር አያትን አልፈርድባቸውም፤ እድሜና ብርድ ተባብረውባቸዋል። የሚያናድዱኝ እድሜም ብርድም ሳያግዳቸው ቃል የሚውጡ ሰዎች ናቸው። በዚያው ጉዞ የራሴን ጉዳይ ልጨርስ ብዬ ጎራ ያልኩበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠራተኛዋ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ ስም ትጠራለች፤ ለድምፅ መውጫ የተተወው ቀዳዳ ግን ሆድ ላይ ስለሆነ ባለጉዳይ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይደግናል። እሷ ደግሞ የስሙን መጀመሪያ ለኮምፒውተሩ፣ መጨረሻውን ለጓደኛዋ ትነግራለች። በሸዋ ምድር «ኃይለ» ብሎ ዝም ማለት ማንንም መጥራት አይደለም፤ ግማሹ ሰልፍ ብድግ ብሎ እርስ በርሱ ይተያያል። «እባክሽ ድገሚው» ያላት ሰው የተመለሰለት «ጠርቻለሁ እኮ!» የሚል ነበር፤ ይህቺን ብቻ ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ ተናገረቻት። ድምፅ እንዳላት ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሽማግሌዎቼ እስከ ጣርማ በር ድረስ አላናገሩኝም። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ «አሜን በል እንጂ ጨምር ማን አለህ?» ብላ ለብዙ ቀናት ፊቷን አዞረችብኝ። የአክስቴ ልጅ በበኩሉ ባልጠጣው መጠጥ ሰፈሩ ሲመክረው ሰነበተ፤ ጠበል እንዲጠመቅ ቀን የቆረጡለትም ነበሩ።

ቢሆንም ሁለተኛ ቀጠሮ አልተነፈግንም። በእኔ ቦታ የሄዱት አንዱ አጎታችን ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ጨርሶ አይሰማም። አያት ከስምንቱ ድርብ ውስጥ የፈለጉትን ሁሉ ሲናገሩ አጎቴ መሬት መሬት እያዩ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ምንም ሳይመልሱ ቆዩ አሉ። ልጅቷ ተፈቀደች። አያትም አጎቴን እስከ በር ድረስ ሸኝተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው እያላችሁ መጀመሪያ ያንን ልጅ ለምን ላካችሁት?» ብለው ጠየቁ ተባለ። ይህንንማ ሁሉም ጥርት አድርጎ ሰምቶታል።