ጣሳ የተደፋበት ደጅ፦ አንድ ምሽት በደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን የወሰደኝ የውርስ ጉዳይ ነው። ከላምበረት መናኸሪያ በጠዋት ተነስተን፣ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈን 130 ኪሎ ሜትሩን ጨረስነው። (ሸኖ ላይ ቅቤ ሳይገዛ ያለፈ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። እኔ ለመልስ አቆየሁት።) ጉዳዬ ያለበት ቢሮ «ነገ ይመለሱ» አለኝ። ምን ይደረጋል? አንድ ምሽት ተረፈኝ።

ስለ ብርዱ ብዙ አልልም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በቃ። አልጋ የያዝኩበት ሆቴል ምድር ቤቱ ባር ነው። ስፒከሩ የመስኮቱን መስታወት ያንቀጠቅጣል። አስተናጋጇ ምን እንደምጠጣ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ደጋግመንም አልተሰማማንም። በሠላሳ ዓመቴ ቢሆን እዚያው አነጋ ነበር። ያኔ ጩኸት ከሌለ ጨዋታ ያለ አይመስለኝም። አሁን ጆሮዬም ጉልበቴም አይፈቅዱም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልፈልግም።

ዘበኛውን ጠላ የት እንደሚገኝ ጠየቅኩት። ፈገግ አለ። «አባባ፣ በዚያች ቅያስ ይግቡ። ጣሳ የተደፋበት ደጅ ያገኛሉ።» አባባ መባሉን ገና አለመድኩትም። ሰፈሬ አሁንም «ጋሼ» ነኝ።

ጣሳው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቷል። ሌላ ማስታወቂያ የለም። ጎንበስ ብዬ ስገባ ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ በእግዜር!»

ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ከግድግዳው በኩል መደቡን ለቀቁልኝ። ወጣት ሳለሁ ይህ ቦታ ለእኔ አይታሰብም። ዕጣዬ በሩ ሥር ያለችው ዱካ ነበረች፣ ንፋሱ ከጀርባ። ለካ እርጅናም ጥቅማጥቅም አለው።

ባለቤቷን ሁሉም «እቴቴ» ይሏቸዋል። ጣሳዬን ሞሉና ከመስጠታቸው በፊት ጠብ አድርገው መዳፋቸው ላይ ቀመሱ። መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት ለእንግዳው ማሳያ ነው። ይህን ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ጠላው የገብስ ነው፣ ጠቆር ያለ። ጋኑ በወይራ በደንብ ስለታጠነ ጢሱ ይቀድማል፣ የጌሾው ምሬት ኋላ ይመጣል። ጉሽ አይደለም፣ ጠርቷል። እንኩሮውን ማን እንዳመሰው ጠየቅኳቸው።

«ማን ያምሰዋል? እኔው ነኛ! ልጆቹ ጭሱን የት ችለውት?»

ሐበሻ ቢራ የሚጠመቀው እዚሁ ከተማ ነው። እዚያ ቤት ግን አንድም ጠርሙስ አላየሁም።

ጋቢ የለበሱት ሰውዬ የሚጠጡት ቅራሪ ነው። ሐኪም መጠጥ ከልክሏቸዋል። «ቅራሪ ደሞ መጠጥ ነው እንዴ?» ይላሉ። አጠገባቸው ያሉት ጡረተኛ ወታደር በዚህ አይስማሙም፤ ሐኪሙ ቢያይዎት ይላሉ። ከዚያ ወሬው ወደ ውርጭ ዞረ። ዘንድሮ ባቄላውን መታው፣ አልመታውም፣ የእነ እገሌን ማሳ ብቻ ነው። እኔ ባቄላ የማውቀው እሸቱን በመብላት ነው። ግን ከልቤ አዳመጥኩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ዝም ብለህ ብትቀመጥም «ምነው ደበረህ?» የሚልህ የለም።

ሁሉ ነገር ተመችቶኛል ብዬ አልዋሽም። መደቡ ድንጋይ ነው፣ ወገቤ ይመስክር። ሽንት ቤቱ ደግሞ ጓሮ ነው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጨለማ፣ በእኔ ዕድሜ። ያውም ተመላልሶ።

ልድገም ስል እቴቴ ጣሳውን አነሱት። «ነገ ጉዳይ አለብኝ ብለው አልነበር? ይበቃዎታል።» ጡረተኛው «ለብርዱ አንዲት መለኪያ አረቄ» ሊሉ ሲጀምሩ እሳቸውንም በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። የከተማው አረቄ ዝናው የታወቀ ነው፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ሂሳብ ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት ሽማግሌው ቀድመውኝ ከፍለዋል። እንዴት ሆኖ ብዬ ተግደረደርኩ። በእግዜር ስም ገዘቱኝ።

«ይተዉት» አሉ። «ቅራሪ ጠጪ ገንዘብ ይተርፈዋል።»