መብራት በጠፋበት ቀትር

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ገባችና «ጋሼ፣ እኛ ቤት መብራት ስለሌለ እርስዎ ጋ ላጥና?» አለችኝ። ወሩ ሰኔ ቢሆንም የጠዋቱ ዝናብ አባርቶ፣ ደመናው ተገልጦ፣ የጅማ ፀሐይ በረጠበው የቆርቆሮ ክዳን ላይ ታንጸባርቅ ነበር። ልጅቷ ግን ልክ ናት። ቤታቸው ያለው አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ሲሆን እርሷም በወፍራም መጋረጃ ስለተሸፈነች ቤተሰቡ ቀንም ሌሊትም የሚኖረው በአምፖል ነው።

ከሄደች በኋላ ስለ ቃሉ ብዙ አሰብሁ። በአማርኛ «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» ስንል ኤሌክትሪክ ማለታችን ነው፤ እዚህ በየዕለቱ የምንሰማው የአፋን ኦሮሞው «ኢብሳ»ም እንዲሁ ሁለቱን ትርጉም ይዟል። በዚህ አነጋገር ላይ ክፋት የለውም። ነገር ግን ስያሜውን ለሽቦው ብቻ ስንሰጥ፣ ቤት ስንሠራም ሆነ ጠረጴዛ ስናስቀምጥ የመጀመሪያውንና ትልቁን የብርሃን ምንጭ የዘነጋነው ይመስለኛል።

ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በውስጧ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ የሚወጣው ኃይል ብርሃን ሆኖ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል። ጨረቃ ብርሃኗ የራሷ አይደለም፤ የፀሐይን መልሳ ታንጸባርቃለች። የብርሃንን መጠን ለማነጻጸር ሉክስ በሚባለው መለኪያ መጠቀም ይጠቅማል፤ አንድ ሉክስ አንዲት ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የምታሳርፈው ብርሃን ያህል ነው። ጥርት ባለ ቀን የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ አካባቢ ትሰጣለች፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖም ደጁ ላይ 10,000 ሉክስ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከዚህ ከመቶ አምስት እጁ ብቻ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ 500 ሉክስ ይሆናል፤ ይህም ለንባብ ጠረጴዛ የሚመከረው መጠን ነው።

ይህን ቁጥር የማከብረው ያደግሁበትን ብርሃን ስለማስታውስ ነው። የእኛ ኩራዝ ከድልህ ቆርቆሮ የተሠራች ነበረች፤ ክዳኗ በምስማር ተበስቶ፣ ከአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ክር ገብቶባት፣ ሆዷ ላምባ ይሞላ ነበር። ክሩ ከልክ በላይ ከወጣ ጭሱ ይበረታል፣ ካነሰ ነበልባሉ ይሞታል፤ እናቴ በመርፌ ጫፍ ነበር የምታስተካክለው። ጠዋት ስንነሳ አፍንጫችን ውስጥ ጥላሸት እናገኛለን፤ ግድግዳው ላይም ኩራዟ ከምትቀመጥበት በላይ ያለው ጭቃ ጠቁሮ ነበር። አራት ልጆች በአንዲት ነበልባል ዙሪያ ግንባራችን እስኪነካካ የምንደፋበትን ምክንያት የተረዳሁት ትምህርት ቤት ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ ከመካከላችን ትንሽ ወደ ኋላ ያለ ልጅ ፊደሉን መለየት ይሳነው ነበር። ያ ጭስ በሳንባችን ላይ ያደረሰውን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ሰው ሠራሽ ብርሃንን አላቃልልም። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጥ ነበር፤ የዛሬው 9 ዋት ኤልኢዲ ግን የያኔውን ባለ 60 ዋት አምፖል ያህል ያበራል። ለዚህ የበቃነው ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በመገኘቱ ነው፤ ቀይና አረንጓዴው ቀድመው ቢኖሩም ያለ ሰማያዊው ነጭ ብርሃን ማግኘት አልተቻለም ነበርና። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ በዚህ ሥራቸው የ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል። በጣሪያ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠሩት የገጠር መብራቶችም የዚሁ ፍሬ ናቸው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመጣ ሰው የግልገል ጊቤን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያውቀዋል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ተርባይኑን አሽከርክሮ የወጣው ውኃም በረጅም ዋሻ ተጉዞ በግልገል ጊቤ ሁለት ዳግም ኃይል ይሰጣል። ያን ውኃ ከባሕርና ከመሬት አትንና ደመና ያደረገችው፣ በእነዚህ ተራሮች ላይ እንዲዘንብም ያበቃችው ፀሐይ ናት። አምፖላችን ውስጥ ያለውም እንግዲህ ወንዝ ለወንዝ ዞሮ የመጣ የእርሷ ብርሃን ነው።

ብርሃን ከማየትም በላይ ሥራ አለው። የጅማ ቡና ገበሬ ይህን ከማንም በተሻለ ያውቃል፤ ቡናውን ሲያሳድግ በዋንዛና በመሰል ዛፎች ጥላ ፀሐዩን ያለዝብለታል፣ ሲለቅም ደግሞ ያንኑ ፍሬ በሽቦ አልጋ ላይ አስጥቶ ለፀሐይ ይሰጠዋል። እናቶቻችንም ሕፃን በጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆዳ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ጨረር ነው። ሕፃኑን በተዘጋ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ግን ለዚህ አይበቃም፤ መስታወቱ ብርሃኑን እያሳለፈ ያን የሚያስፈልገውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀረዋል።

ልጅቷን መስኮቴ ሥር አስቀመጥኋት፤ የምትጽፈው በቀኝ እጇ ስለሆነ የእጇ ጥላ ደብተሯ ላይ እንዳያርፍ ብርሃኑን ከግራዋ አደረግሁላት። መብራቱ የመጣው አመሻሽ ላይ ሲሆን እርሷ ግን እስከዚያ ሁለት ምዕራፍ ጨርሳ ነበር። በማግስቱ ከአባቷ ጋር ተነጋግረን መጋረጃውን በስስ ጨርቅ ለወጠው፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ አንዱንም ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ለመተካት፣ ዝናቡ ፋታ የሚሰጥበትን ጠዋት እየጠበቅን ነው።