ለንደን ሆኜ ሚኒስትር ያስጠየቅኩበት መንገድ

ስለ ብሪታንያ ፓርላማ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የረቡዕ ቀትሩ ጩኸት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይነሳሉ፣ የተቃዋሚው መሪ ይነሳሉ፣ ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ። ለቴሌቪዥን አሪፍ ነው። ቁጥር ለሚፈልግ ሰው ግን ከዚያ የሚገኝ ነገር ጥቂት ነው። ቁጥሩ ያለው በጽሑፍ በሚቀርቡት ጥያቄዎች ውስጥ ነው። በዓመት በአሥር ሺዎች ይቀርባሉ። ሚኒስትሮች በጽሑፍ ይመልሳሉ፣ ጥያቄውና መልሱም በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ ለማንም ይወጣል። ማንም አይጮኽም፣ ማንም አያጨበጭብም።

እኔ ጋዜጠኛም ፖለቲከኛም አይደለሁም። በአስተርጓሚነት ነው የምተዳደረው። ትርፍ ጊዜዬን አንድ የሐበሻ ማኅበር ውስጥ የሰው ፎርም በመሙላት አሳልፋለሁ። እዚያ ከሚመጡት፣ በተለይ ከእናቶች፣ ደጋግሜ የምሰማው ስለ ኢሶል ነበር። ኢሶል ማለት አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ አዋቂ እንግሊዝኛ የሚማርበት ትምህርት ነው። ክላስ ጠፋ፣ ወረፋ ላይ ነን፣ የማታ የለም፣ ልጅ የሚይዝልን የለም ይላሉ። አንድ ቀን አንዲት ትልቅ ሴት «አንተ ልጅ፣ መንግሥት ለዚህ ትምህርት የሚያወጣውን ገንዘብ ቀንሶ ነው ወይስ አስተማሪ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰው ግን በአጠገባችን አልነበረም።

ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ለሰፈራችን የፓርላማ አባል ጻፍኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፓርላማ አባል እንዲረዳህ ዜጋ መሆን ግድ አይደለም። እሳቸውን መምረጥም ግድ አይደለም። የሚያስፈልገው በምርጫ ክልላቸው መኖር ነው። በፓርላማው ልማድ አንዱ አባል የሌላውን ሰፈር ነዋሪ ጉዳይ አይነካም። ስለዚህ በኢሜይልህ መጀመሪያ ላይ ሙሉ አድራሻህን ከነፖስት ኮዱ አስቀምጥ። አለዚያ መጀመሪያ የሚመጣልህ መልስ «የት ነው የምትኖረው?» የሚል ነው። ሌላው፣ በአባሉ ቢሮ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። ኬዝወርከሩ የግለሰብ ጉዳይ ይይዛል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ቤት፣ ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ)። ሪሰርቸሩ ደግሞ ለፓርላማው የሚቀርበውን ያዘጋጃል። የእኔ ጉዳይ የሁለተኛው ነው። ይህን ለይቼ «እባክዎ ለሪሰርቸርዎ ያስተላልፉልኝ» ብዬ መጻፌ ነገሩን አፍጥኖታል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄውን አርቅቆ መላክም ይረዳል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያረቀው «መንግሥት ስደተኛው ቋንቋ ይማር እያለ ለምን በጀቱን ቆረጠ?» ዓይነት ነው። ልብ ያሳርፋል እንጂ አያልፍም። ጥያቄዎችን የሚቀበለው ቴብል ኦፊስ የሚባል የፓርላማው ክፍል አለ። እዚያ ያሉት ጸሐፊዎች ክርክር ያለበትን፣ መረጃ ከመጠየቅ ይልቅ መረጃ የሚሰጠውን፣ ወይም በሚኒስትሩ ኃላፊነት ሥር ያልሆነውን ሳይቀበሉ ይመልሱታል። «ቆረጠ» ያልከው ነገር መሠረቱን አሳይ ትባላለህ። እሱን እኮ ነው የማናውቀው!

ከሪሰርቸሩ ጋር ተመላልሰን የደረስንበት እንዲህ ይላል፦ «ከ2016/17 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ በየዓመቱ ለአዋቂዎች ኢሶል ምን ያህል ወጪ ተደረገ? ስንት ተማሪዎችስ ተሳተፉ?» ያኔ የሚቀርበው ለትምህርት ሚኒስትር ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አጭር ናት፣ ግን እያንዳንዷ ቃል የተመረጠች ናት።

«የትምህርት ዘመን» ያልነው ኢሶል የሚያስተምሩት ኮሌጆች ዓመት ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 ስለሆነ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ግን ኤፕሪል 1 ይጀምራል። በኛ አገርም በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ትምህርት ቤቱ መስከረም ላይ ይከፈታል፤ ነገሩ ያው ነው። የትኛው ዓመት እንደሆነ ካልተናገርክ የሚመቻቸውን ይመርጡልሃል። «በእንግሊዝ» ያልነው ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ትምህርታቸውን ራሳቸው ስለሚያስተዳድሩ ነው። «ወጪ» ያልነው የተመደበና የወጣ አንድ ስላልሆነ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ላይ ሳይውል ተመላሽ የሚሆን በጀት ሲነገር ነው ያደግነው። «ተማሪዎች» ያልነው ደግሞ ከምዝገባ ለመለየት ነው። አንድ ሰው በዓመት ሦስት ኮርስ ቢመዘገብ ምዝገባው ሦስት ይሆናል፣ ሰውየው ግን አንድ ነው።

ስለ ወረፋውም በተመሳሳይ ጊዜ ለብቻው ሌላ ጥያቄ አስገባን። መለየቱ ጠቅሞናል። አንዱ ባይመለስ ሌላውን ይዞት አይወድቅም።

መልስ የሚጠበቀው ፓርላማው በሚሰበሰብባቸው ቀናት ሲቆጠር በልማድ በ7 ቀን ውስጥ ነው። ቀን ተቆርጦለት የሚቀርብ ዓይነትም አለ። እሱን ግን አንድ አባል በቀን ከ5 በላይ ማስገባት አይችልም፤ ለኛ ጉዳይ ማባከን ነበር። ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለብህ ግን 850 ፓውንድን ነው። መልሱን ለማዘጋጀት ከዚያ በላይ ይፈጃል ተብሎ ከተገመተ ሚኒስትሩ «ወጪው ከጥቅሙ አይመጣጠንም» ብሎ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ መጠየቅ ብልጠት አይደለም። በየካውንስሉ፣ በየዕድሜው፣ በየጾታው ተከፋፍሎ ይምጣልኝ ካልክ በር ትከፍትላቸዋለህ።

መልሱ መጣ። የፈረመው የበታች ሚኒስትር ነው፣ እንደተለመደው። ስለ ወረፋው የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ይህ መረጃ በማዕከል አይያዝም ይላል። ይህን ሲያነብ የሚናደድ ብዙ ነው። እኔ አልተናደድኩም። ወረፋውን የሚያውቀው ኮሌጁ ነዋ! ኮሌጆች ደግሞ የመረጃ ነፃነት ሕግ የሚመለከታቸው የሕዝብ ተቋማት ናቸው። ሕጉ የ2000 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው፣ መልስ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መስጠት ያስገድዳል። አዲስ አበባ ያለ ሰው እንኳን ሊጠይቅበት ይችላል። እሱም የራሱ የወጪ ጣሪያ አለው፤ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች 600፣ ለካውንስልና ለኮሌጅ ዓይነቶቹ 450 ፓውንድ። በሰዓት 25 ፓውንድ ስለሚታሰብ 24 እና 18 ሰዓት ሥራ ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡና ስለ ተማሪው የመጣው ሠንጠረዥ ነው። ማኅበሩ ውስጥ በስልክ ስክሪን ላይ አሳየሁ። ሁሉም ወዲያው ያዩት 2019/20 ላይ ቁጥሩ ዘጭ ማለቱን ነው። «ይኸው ቆርጠውታል!» አለ አንዱ፣ ለፌስቡክ እየተዘጋጀ። ከሠንጠረዡ ግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል ማስታወሻ አለ። የአዋቂዎች ትምህርት በጀት ከዚያ ዓመት ጀምሮ ለለንደን ከንቲባና ለሌሎች የራሳቸው ከንቲባ ላላቸው አካባቢዎች ተላልፏል፣ እነሱ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም ይላል። ማለትም ገንዘቡ ከዚህ መዝገብ ወጥቶ ወደ ሌላ መዝገብ ሄዷል። ያንን ግርጌ ያላነበበ ሰው በቅን ልቦና የሐሰት ዜና ያሰራጫል። እኔ አሁን የሚኒስትር መልስ ሲደርሰኝ ከታች ወደ ላይ ነው የማነበው።

ስለዚህ ቀጣዩ መንገድ ወደ ለንደን ነው። ለንደን 25 አባላት ያሉት የራሷ ጉባኤ አላት። ከንቲባው በዓመት 10 ጊዜ ቀርበው ይጠየቃሉ፣ በጽሑፍም ይመልሳሉ። ለአካባቢያችን የጉባኤ አባል ያንኑ ጥያቄ ላክሁ። ቃሉን አልቀየርኩም፤ ያው ዓመት፣ ያው «ወጪ»፣ ያው «ተማሪዎች»። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉን አሳምሬ ብለውጠው ኖሮ አንዱ ብርቱካን ሌላው ሎሚ ሆኖ ይመጣ ነበር።

ከዚያም የዋጋ ንረት አለ። ሚኒስትሮች ወጪ የሚመልሱት ካልተጠየቁ በስተቀር በየዓመቱ ዋጋ ነው። በኦክቶበር 2022 የብሪታንያ የዋጋ ንረት 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ያኔ በጀቱ እዚያው ከቆመ፣ ቆሟል ሳይሆን ቀንሷል። ለማስተካከል ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ዲፍሌተር የሚባለውን ማካካሻ በነፃ ያወጣል፣ አንድ ኤክሴል ይበቃል። ይህን የሠራልን አካውንቲንግ የሚማር የሰፈር ልጅ ነው።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም መንገድ አልተሳካም። ከተማሪዎቹ ስንቱ የኛ ሰው ነው? የኮሌጆቹ መዝገብ የሚይዘው ዘር የሚባለውን ነው። እኛ ደግሞ «አፍሪካዊ» የሚለው ውስጥ ነን፣ ከናይጄሪያዊውም ከሶማሌውም ጋር አንድ ሳጥን። ያልተመዘገበ ነገር ሚኒስትር ቢጠየቅ አይወጣም። አማርኛን ለብቻው የሚያውቁ መዝገቦች ግን አሉ። የትምህርት ቤቶች ቆጠራ የልጆችን የመጀመሪያ ቋንቋ ይይዛል፣ አማርኛም የራሱ ኮድ አለው። የ2021 የእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ዋና ቋንቋህ ምንድነው ብሎ ጠይቋል። እንግሊዝኛ ካልሆነ እንግሊዝኛ ምን ያህል ትችላለህ ብሎም ጠይቋል። ለኛ ከዚህ የተሻለ የለም። ቆጠራውን የሚመለከት ጥያቄ ለሚኒስትር ቢቀርብም መልሱን በደብዳቤ የሚልከው የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ ነው። ፖለቲከኛው እጁን እንዳያስገባ የተደረገ ነው፣ ደስ ይላል።

ይህን ሁሉ ሳደርግ ስለኛው ምክር ቤት ማሰቤ አልቀረም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በቴሌቪዥን የምናየው ግን አባላቱ ተራ በተራ ጥያቄ ያነባሉ፣ ከዚያ መልሱ ለሁሉም በአንድ ላይ ለሰዓታት ይሰጣል። ስለ አንዲት ወረዳ የጤና ጣቢያ በጀት የተጠየቀች ጥያቄ እዚያ መሃል ትጠፋለች። የወጪና የስታቲስቲክስ ጥያቄ በባሕርዩ የጽሑፍ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። እዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ቁጥር አለው። መልሱ ከተሸፋፈነ በሚቀጥለው ሳምንት «በቁጥር ይህን ያህል ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ተከትሎ» ብለህ ትመለሳለህ። ስህተት ከሆነም ሚኒስትሩ መዝገቡን በይፋ ማረም አለበት።

ሁለቱን ሠንጠረዦችና ኮሌጁ ራሱ የሰጠንን የወረፋ ቁጥር ይዘን ኮሌጁ ጋር ተቀመጥን። ኃላፊዋ ቁጥሮቹን ለየብቻ ያውቋቸው ነበር፣ አንድ ወረቀት ላይ ግን አላዩአቸውም። የማታ ክፍል ለመክፈት በዕቅዳቸው ውስጥ አስገብተውታል። ይከፈት አይከፈት ገና ነው።

አሁን የቀረው የልጅ መያዣው ነው። 20 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ተማሪዎች የልጅ እንክብካቤ ወጪ የሚደገፍበት ፈንድ አለ። ከኢሶል እናቶች ስንቱ ተጠቀመበት የሚለውን አርቅቄ ለሪሰርቸሩ ልኬያለሁ። ለሚኒስትሩ አንድ፣ ለከንቲባው አንድ፣ ቃላቸው አንድ ዓይነት። ፓርላማው እረፍት ላይ ነው፤ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ሲመለሱ ነው።