ከበሮው እስኪመታ፦ ጥቂት ቀናት በላይፕዚግ

የፍራንክፈርት ባቡር ጣቢያ የገና ዛፉ አልተነሳም። ሰዉ ግን በዓሉን ጨርሷል። ጀርመኖች ዲሴምበር 25ን አክብረው፣ ለአዲስ ዓመት ርችት ተኩሰው፣ ወደ ሥራ እየተመለሱ ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 3 ነው። እኔ ጾም ላይ ነኝ። ጾመ ነቢያት ሊፈታ አራት ቀን ቀርቶታል። ቦርሳዬ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ የእንጨት ዋሽንት ይዣለሁ። ወደ ላይፕዚግ ልሄድ ነው።

ዋሽንቱን ጀርመኖች ብሎክፍሎይተ ይሉታል። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤት ያስተምሯት ነበር። ቤት ስትለማመድ ብቻዋን እንዳይሰለቻት ብዬ አብሬያት ጀመርኩ። እሷ በዓመቱ ተወችው፤ እኔ ቀጠልኩ። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ አምስት ሆነን የድሮ ሙዚቃ እንጫወታለን። የድሮ የምለው የባሮክን ዘመን (በፈረንጅ ከ1600 እስከ 1750 ገደማ) እና ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ማንኛችንም ባለሙያ አይደለንም።

ከመካከላችን የአንዷ አጎት ላይፕዚግ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በየዓመቱ ከአዲስ ዓመት በኋላ ቤታቸው አማተር ተጫዋቾች ይሰበሰባሉ። ዘንድሮ እኛንም «ኑ» አሉን። ሌሎቹ አልተመቻቸውም። እኔ ፈረቃዬን ተቀያይሬ ሄድኩ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስናገር አንዲት እናት ነገሩ አልተዋጠላቸውም። «የእኛ ልደት ሳይደርስ የት ትሄጃለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ለዋዜማው እመለሳለሁ እማማ» አልኳቸው።

«አደራ» አሉኝ።

ባቡሩ በቱሪንገን በኩል ያልፋል። ይህን መንገድ እወደዋለሁ። መጀመሪያ አይዘናህ ይመጣል። የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1685 የተወለደው እዚያ ነው። ቀጥሎ ጎታ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 የጎታው መስፍን ቤተ መንግሥት ድረስ መጥተው ነበር። ከዚያ ኤርፉርት ይደርሳል። ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሆኖ ቋንቋችንን ያጠናው፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው ሂዮብ ሉዶልፍ የኤርፉርት ልጅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሦስቱም ከተሞች በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ በመስኮት አለፉ። በረዶ ስስ ሆኖ ማሳው ላይ ተኝቷል።

ላይፕዚግ እንደደረስኩ እግሬ ወደ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። የወንድ ልጆቹ መዘምራን ታሪክ ከ1212 ይጀምራል። ባኽ ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት ድረስ የመዘምራኑ መምህርና የከተማው የሙዚቃ ኃላፊ ነበር። መጀመሪያ የተቀበረው ሌላ ቦታ ነው። አሁን ግን አጽሙ ከመሠዊያው ፊት፣ በነሐስ ሰሌዳ ሥር አርፏል። ሰሌዳው ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው። አንድ ሰው ነጭ አበባ አስቀምጧል። ብዙ ቆምኩ።

የመጣሁት በአንድ ሥራው ምክንያት ነው፤ «የገና ኦራቶሪዮ» ይባላል። የልደትን ታሪክ በዘማሪዎችና በኦርኬስትራ የሚተርክ ረጅም ሙዚቃ ነው። ዛሬ ዛሬ አብዛኞቹ የጀርመን ከተሞች ይህን ሥራ በዲሴምበር ይዘምሩታል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በአንድ ምሽት ያቀርቡና ያበቃል። ባኽ ግን ለአንድ ምሽት ብሎ አልጻፈውም። ስድስት ክፍል ነው፤ ለስድስት ቀን። በ1734 የገና ዕለት አንደኛው ተዘመረ። ዲሴምበር 26 ሁለተኛው፣ 27 ሦስተኛው። ከዚያ በ1735 መባቻ አራተኛው፣ በቀጣዩ እሁድ አምስተኛው፣ ጃንዋሪ 6 ደግሞ ስድስተኛው። ልደቱ፣ እረኞቹ፣ ስም የወጣለት ቀን፣ ሰብአ ሰገል፤ ታሪኩ ከቀኑ ጋር እየተራመደ ይሄዳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ዝምታ ነው። በባኽ ጊዜ በላይፕዚግ ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት፣ አድቬንት የሚባሉት፣ የጸጥታ ጊዜ ነበሩ። ከመጀመሪያው የአድቬንት እሁድ በኋላ እስከ ገና ድረስ በቤተ ክርስቲያን ኦርኬስትራ አይሰማም። መለከት የለም፣ ከበሮ የለም። ምእመኑ ተራ መዝሙሩን ይዘምራል፣ በቃ። ከዚያ የገና ጠዋት ይደርሳል። ኦራቶሪዮው የሚከፈተው በከበሮ ብቻ ነው። አምስት ምት። ከዚያ ዋሽንቶቹ ይመልሳሉ፣ ከበሮው ይደግማል፣ መለከቶቹ ይገባሉ።

እኛ ይህን እናውቀዋለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ መቋሚያው ብቻ ይቀራል። የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ ያልጾመ ሰው አይገባውም። ስለዚህ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ፣ ገና ሳይደርስ፣ ያ የባኽ ከበሮ በየአዳራሹ ሲመታ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኛል። ሙዚቃው ያው ነው። ሰሚው ግን አልጠበቀም።

በማግስቱ ጠዋት ካታሪነን መንገድ ሄድኩ። እዚያ የሲመርማን ቡና ቤት ነበር። ሕንፃው በ1943 በቦምብ ወድሟል። ከ1729 ጀምሮ ባኽ በክረምት ዓርብ ዓርብ ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ እዚህ የተማሪዎች የሙዚቃ ማኅበር ይመራ ነበር። ማኅበሩን ከዓመታት በፊት የጀመረው ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ቴሌማን ነው፤ ያኔ እሱ ራሱ የሕግ ተማሪ ነበር። ቡና እየተጠጣ ነበር የሚጫወቱት። ዲሴምበር 8 ቀን 1733 ለማሪያ ዮሴፋ፣ ለሳክሶኒ ገዢ ሚስትና ለፖላንድ ንግሥት፣ ልደት አንድ ሥራ አቀረቡ። መነሻ ግጥሙ «እናንተ ከበሮዎች፣ ተሰሙ» ይል ነበር። በዓመቱ ባኽ ያንኑ ሙዚቃ ወስዶ በሌላ ግጥም የገና ኦራቶሪዮ መክፈቻ አደረገው። ኦራቶሪዮው በከበሮ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ያ ከበሮ ከቤተ ክርስቲያን በፊት የተመታው በቡና ቤት፣ በአብዛኛው በተማሪዎች እጅ ነው። የቡና አገር ልጅ ነኝና ይህን ቦታ ሳላይ አልመለስም ነበር።

ማታ የመምህሩ ቤት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። በሩ ሳይከፈት ቅኝት ይሰማል። ዘጠኝ ሰው ሆነናል። አራት ብሎክፍሎይተ፣ ሁለት ቪዮላ ዳ ጋምባ፣ አንድ ሉት (ጊታር መሰል የድሮ መሣሪያ)፣ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ ሐርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል የድሮ መሣሪያ)። ሐርፕሲኮርዱ ሳሎኑን ሞልቶታል። ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ገብቷል። መምህሩ ጋምባ ነው የሚጫወቱት። በጉልበት መሃል ይዘው በደጋን ነው የሚመቱት። ስድስት ክር አለው፤ ክሮቹ ከበግ አንጀት ናቸው። ስለ በገናችን ነገርኳቸው። የእኛም ከበግ አንጀት እንደሆነ፣ አሥር ክር እንዳለውና እንደሚነዝር። «እንዴት ነው የሚነዝረው?» አሉ። በእያንዳንዱ ክርና በበገናው መቀመጫ መሃል የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ በእጄ አሳየኋቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ ሌሎቹን ጠርተው እንደገና አስነገሩኝ።

ከዚያ ዋሽንቴን አወጣሁና ከእነሱ ጋር ነፋሁ። ወዲያው ሁላችንም ቆምን። የእኔ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል። የዛሬ መሣሪያ «ላ» የሚባለውን ድምፅ በሰከንድ 440 ንዝረት ነው የሚቃኘው። እነሱ የተቃኙት በ415 ነው፤ ባሮክ የሚጫወቱ ሰዎች በስምምነት የሚይዙት ዝቅ ያለ ቅኝት። የእኛ የማክሰኞ ቡድን ሁሉም 440 ስለሆነ መጠየቅም አላሰብኩም። ሦስት ሰዓት በባቡር መጥቼ ቁጭ ብዬ ልመለስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሐርፕሲኮርዱ ቀላል ነው፤ ቁልፎቹ በሙሉ አንድ ደረጃ ወደ ጎን ይገፉና ከ440 ጋር ይስማማል። የበግ አንጀት ክር ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ጊዜ ከተወጠረ ሌሊቱን ሙሉ አይረጋም።

መምህሩ ምንም ሳይናገሩ ወደ ውስጥ ገቡ። ከፒር እንጨት የተሠራ አልቶ ዋሽንት ይዘው ወጡ። የባለቤታቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል። «ካልተነፋ ይደርቃል» አሉኝ። «እርስዎ ይንፉት።» አፌን ሳስጠጋው እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር። ትንሽ በእጄ አሞቅኩት። ድምፁ ከእኔ ዋሽንት ይልቅ ለስላሳ ነው፣ ጨለም ያለ። የመጀመሪያውን መዝሙር ስንጫወት መምህሩ ኖታቸውን አላዩም።

የተጫወትነው ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሚኻኤል ፕሪቶሪየስ በ1609 ያሳተመውን የጽጌረዳ መዝሙር ነው። አራት ድምፅ ነው፣ አጭር ነው፣ ከባድ አይደለም። አማተር ሁሉ ይችለዋል። ግን ዘጠኝ ሰው አንድ ላይ ተንፍሶ ሲጀምር ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚያ አንድ መስመሩ ላቲን፣ አንድ መስመሩ ጀርመንኛ የሆነውን የድሮ የገና መዝሙር ዘመርን። ሉት የምትጫወተዋን ልጅ «ላቲኑ ለምን እስካሁን አልተተወም?» ብዬ ስጠይቃት «ሰው ስለሚወደው» አለችኝ። ግእዝና አማርኛ እየተቀባበሉ የሚሄዱትን መዝሙሮቻችንን አሰብኩ።

ዕረፍት ሲሆን ሽቶለን ቀረበ። በዘቢብ የተሞላ፣ ቅቤ የጠጣ፣ ስኳር የተነሰነሰበት የገና ዳቦ ነው። ጾም ላይ መሆኔን ተናገርኩ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ሲባል ይሸማቀቃል። መምህሩ ግን ፊታቸው በራ። በእነሱም አገር አድቬንት የጾም ጊዜ እንደነበረ አጫወቱኝ። ሽቶለን ድሮ ያለ ቅቤ በዘይት ነበር የሚጋገረው። የሳክሶኒ መኳንንት ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮም ጻፉ። በ1491 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ስምንተኛ ፈቀዱላቸው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ «የቅቤ ደብዳቤ» ይባላል። ይህን እያወሩኝ ለውዝና ፖም አመጡልኝ፤ የምስር ሾርባም በዘይት አሞቁልኝ። እኔም እሑድ የጋገርኩትን ዳቦ ከቦርሳዬ አወጣሁ። አብረን በላን።

ልንለያይ ስንል መምህሩ «ክቬምፓስ ሳንል አንሄድም» አሉ። ይህ የድሮ የጀርመን የገና ልማድ ነው። አራት ዘማሪዎች በቤተ ክርስቲያኑ አራት ማዕዘን ይቆማሉ። እያንዳንዱ አንዲት ስንኝ ብቻ ይዘምራል። መዝሙሩ ከጥግ ወደ ጥግ ይዞራል፤ የእረኞቹን ታሪክ እያንዳንዱ ለሌላው እንደሚያወራ። ከዚያ ሁሉም ይቀበላል። ሳሎኑ አይበቃንም፤ ቤቱን ተካፈልነው። አንዱ ኮሪደር፣ አንዷ ወጥ ቤት፣ አንዱ መኝታ ቤት በር ላይ፣ እኔ መስኮቱ ጋ። መብራት ጠፋ። ሻማ ብቻ። ከወጥ ቤት የሚመጣው ድምፅ የማን እንደሆነ አላይም፤ ግን ተቀብዬ ለኮሪደሩ አቀብላለሁ። ቀኝና ግራ ተሰልፈው የሚቀባበሉት የእኛ ሊቃውንት እዚህ ቢኖሩ ወዲያው ይገባቸው ነበር። ከላይ ያሉት ጎረቤት ደረጃው ላይ ወጥተው ሲሰሙ ነበር፤ ስንጨርስ አጨበጨቡ።

ጃንዋሪ 6 ለእኛ ታኅሣሥ 28 ነው፤ የልደት ዋዜማ። ለእነሱ የሰብአ ሰገል ቀን። ከከተማው ወጣ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ክፍል ልትዘምር ነው፤ ያውም በራሱ ቀን። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ገባሁ። ካፖርቴን አላወለቅኩም፤ ብርድ ነው። መዘምራኑ ስልሳ ይሆናሉ። የሰፈር ሰዎች ናቸው። መምህሩ ከባሶቹ፣ ከወፍራም ድምፅ ዘማሪዎቹ፣ መሃል ቆመዋል።

አራተኛው ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ነፍሷ ትፈራ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ከሩቅ ሌላ ድምፅ ይመልስላታል። «አይደለም» ይላታል፤ ቀጥሎ ደግሞ «አዎ»። መላሿ የማትታይበት ቦታ ነው ያስቀመጧት፤ ኦርጋኑ አጠገብ፣ ከላይ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሕፃን ዞሮ ዞሮ ፈለጋት። እኔም ፈለግኳት።

የስድስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ መለከቶቹና ከበሮው ይመለሳሉ። በመካከሉ መዘምራኑ ቀስ ያለ ዜማ ይዘምራሉ። ዜማው የስቅለት ዜማ ነው፤ ጀርመኖች በሕማማት «ደም የለበሰ ራስ» እያሉ የሚዘምሩበት። ባኽ በአንደኛው ክፍል በጸጥታ አስገብቶት ነበር፤ በስድስተኛው በመለከት አጅቦ መለሰው። በግርግም የተኛው ሕፃን ወዴት እንደሚሄድ ዜማው ያውቃል። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ በአፋቸው ውስጥ አብረው ይዘምሩ ነበር።

ውጭ መምህሩን አገኘኋቸው። ዋሽንቱን ልመልስ ስል እጄን መልሰው ዘጉት። «እስከ ፋሲካ ይያዙት» አሉኝ። «የእናንተ ፋሲካ ወይስ የእኛ?» አልኳቸው። «የዘገየው» አሉ።

ባቡር ላይ ነጠላዬን አወጣሁ። ፍራንክፈርት ስደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ሞልቷል። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በሰው መሃል ተሹለክልኬ ገባሁ። እማማ አዩኝ። ምንም አላሉም፤ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ። ቦርሳዬን እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። ሊቃውንቱ «ዮም ተወልደ» እያሉ ነው። ዲያቆኑ ከበሮውን አንስቶ ማንገቻውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ሲመታው የወለሉ እንጨት ነዘረ፤ በእግሬ ተሰማኝ።